የታዳጊዎች ተከታታይ ድራማ፣ ማንነትና ቤተሰብ፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ከክፍል ውጭ ደግሞ የሚኒ ሚዲያ ክበቡን አግዛለሁ። የክበቡ ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰቡ የአንድ ተከታታይ ድራማ አንድ ክፍል አብረው ማየትና መወያየት ከጀመሩ ወዲህ፣ ከእነሱም ሆነ «ምን እያሳያችኋቸው ነው?» ብለው ከሚመጡ ወላጆች የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች እየተመሳሰሉ መጥተዋል። ከዚህ በታች ያሉት በጣም የሚደጋገሙት ናቸው። መልሶቹ የእኔ ናቸው፤ ብዙዎቹን ግን ያቃኑልኝ ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

የታዳጊዎች ድራማ የሚባለው የትኛው ነው? ታዳጊ ልጅ ያለበት ሁሉ ነው?

አይደለም። ታዳጊ ልጅ የሌለበት የቤተሰብ ድራማ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ልጁ በአብዛኛው የሚገባው የወላጆቹን ታሪክ ለማወሳሰብ ነው። ለተማሪዎቼ የምሰጣቸው መለያ ቀላል ነው። አንዲት ልጅ አምሽታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ካሜራው ሳሎን ውስጥ ከአባቷ ጋር ተቀምጦ ሰዓት የሚቆጥር ከሆነ የምናየው የወላጆችን ድራማ ነው። ካሜራው ከልጅቷ ጋር አብሮ መጥቶ፣ በር ላይ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ስትይዝና ልትናገር ያሰበችውን ውሸት በከንፈሯ ስትለማመድ ካሳየን ግን የታዳጊዎች ድራማ ውስጥ ገብተናል። ጥፋቷ በሁለቱም ያው ነው፤ የሚለየው የማንን ፍርሃት እንደምንፈራ ነው።

ዘውጉ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ ቢቢሲ «ግሬንጅ ሂል» የተባለውን የትምህርት ቤት ድራማ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 2008 ድረስ ለሠላሳ ዓመታት አሳይቷል። በካናዳ ስሙን ከቶሮንቶ ከተማ አንድ መንገድ የወሰደው «ዲግራሲ» በ1979 ተጀምሮ፣ ስምና ትውልድ እየቀያየረ ለአሥርት ዓመታት ቀጥሏል። በአሜሪካ ደግሞ ከ1990 እስከ 2000 የታየው «ቤቨርሊ ሂልስ 90210» ዘውጉን ትልቅ ገበያ አደረገው።

ለምንድን ነው ሁሉም ዞሮ ዞሮ ስለ ማንነት የሚያወራው?

የዕድሜው ዋና ሥራ እሱ ስለሆነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጉርምስና ዕድሜ የሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ጊዜ ሲሆን፣ የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፉ ሰው በሕይወቱ ከሚያልፍባቸው ስምንት እርከኖች መካከል ይህንን ዕድሜ ማንነትን የመፈለጊያና በማንነት ግራ የመጋባት እርከን ብሎታል። ሕፃን ልጅ «ማን ነህ?» ሲሉት ስሙን ነግሮ ይሮጣል፤ የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ ግን ለዚያው ጥያቄ ለአያቱ፣ ለጓደኛው፣ ለመምህሩና ለወደዳት ልጅ የተለያየ መልስ እየሰጠ፣ ማታ የትኛው መልስ የእሱ እንደነበረ ይጠፋበታል። ተከታታይ ድራማ ለዚህ የሚመቸው ረጅም በመሆኑ ነው። ፊልም በሁለት ሰዓት ውስጥ ልጁን ከጥያቄው አውጥቶ ማሳየት ይጠበቅበታል፤ ተከታታይ ድራማ ግን ልጁ ሲሳሳት፣ ሲመለስና እንደገና ሲሳሳት ለዓመታት አብሮት መቆየት ይችላል።

የተቀያየረ፣ የተሰረቀ ወይም በማደጎ ያደገ ልጅ ለምን በዛ?

ወላጆች ይህን የሚጠይቁኝ በመሰልቸት ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። «በእውነት የማን ልጅ ነኝ?» የሚለው ሐሳብ በዚያ ዕድሜ ያልጎበኘው ሰው ጥቂት ነው። ተቆጥተውት ያለ እራት የተኛ ልጅ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ «እኔ ድሮም የዚህ ቤት ልጅ አይደለሁም» ይላል። ድራማው ይህን የሌሊት ሐሳብ እውነት ያደርገውና እስከ መጨረሻው ይከተለዋል።

እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2017 በአሜሪካ የታየው «ስዊችድ አት በርዝ» የሚጀምረው አንዲት ተማሪ በክፍል ውስጥ የደሟን ዓይነት ስትመረምር ከወላጆቿ ደም ጋር እንደማይገጥም በማየቷ ነው። በሆስፒታል ከእሷ ጋር የተቀያየረችው ልጅ በሕፃንነቷ በማጅራት ገትር ምክንያት መስማት የተሳናት ናት። ስለዚህ ነገሩ የደም ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የወለደቻት እናት ልጇን ለማናገር የምልክት ቋንቋ ከፊደሉ መጀመር አለባት፣ ያሳደገቻት እናት ግን ቋንቋውን እንደ እስትንፋሷ ትናገረዋለች። በ2013 የታየው አንድ ክፍል ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ በምልክት ቋንቋ የተሠራ ሲሆን፣ ክበባችን ውስጥ ያለ ትርጉም ያየነው የመጀመሪያው እሱ ነበር፤ ተማሪዎቹ ፊትንና እጅን ከማንበብ ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ስለነበር ድምፅ ያለው ድራማ ቢሆን ኖሮ አንድም ቃል ባልሰማን።

በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2020 የተጀመረው «ብለድ ኤንድ ዎተር» ነገሩን ከሌላ በኩል ይይዘዋል። ፑሌንግ የተባለችው ልጅ ከብዙ ዓመት በፊት በጨቅላነቷ የተሰረቀችውን እህቷን ያገኘች ይመስላትና ትምህርት ቤት ቀይራ ትከተላታለች። ተፈላጊዋ ፊኪሌ ግን የጠፋች አትመስልም፤ የምትወደው ቤት፣ ጓደኞች፣ በዋና ያገኘችው ዝና አላት። የአንዱን ቤት እንባ ማበስ የሌላውን ቤት ማፍረስ ሲሆን ምን ይደረጋል?

እዚህ ላይ ነው የእኛ አገር ልጆች ከየትኛውም ተመልካች የበለጠ የሚናገሩት ያላቸው። በሕጋችን ውስጥ ልጅ ወስዶ ማሳደግ የሚጠራበት ቃል «ጉዲፈቻ» ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። ቃሉ ከአፋን ኦሮሞ የመጣ ሲሆን፣ ልማዱ ደግሞ የተወሰደውን ልጅ ልክ እንደ አብራክ ክፋይ አድርጎ፣ በስምም በውርስም፣ ወደ ቤት የሚያስገባ ነው። ከዚህ ሰፋ ሲል «ሞጋሳ» አለ፤ በእሱ ደግሞ ግለሰብ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ማኅበረሰብ ወገን ሆኖ ይገባል። ጅማ ላይ ተማሪዎቻችን እነዚህን ቃላት ያወቋቸው ከሕግ መጽሐፍ ሳይሆን ከአያቶቻቸው አንደበት ነው። ለዚህ ነው በአንድ የተተረጎመ ድራማ ውስጥ «እውነተኛ እናቷን አገኘች» ሲባል ከኋላ ወንበር «ያሳደገቻትስ ውሸተኛ ናት እንዴ?» የሚል ድምፅ የተነሣው። አማርኛ «ወላጅ እናት» እና «አሳዳጊ እናት» የሚሉ፣ ማንንም የማያሳፍሩ ሁለት ቃላት እያሉት «እውነተኛ» የሚለውን መምረጥ፣ የውጭውን ድራማ ፍርድ ሳያስቡት ተቀብሎ ማስተላለፍ ነው። ልጁ ትክክል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በውይይታችን «እውነተኛ እናት» ማለት አቁመናል።

በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ቀርቷል። ከዚያ በፊት የሄዱት ልጆች ግን ዛሬ አድገው ወላጆቻቸውን ፍለጋ ይመጣሉ፤ ይህን ታሪክ በልጆቹ ዓይን የሚተርክ የአማርኛ ተከታታይ ድራማ ማየት በጣም እመኛለሁ።

ስም ለምን ይህን ያህል ይከብዳል? «ስምህን አልይዝም» ብሎ መጣላት ምንድን ነው?

ይህን የሚጠይቁት በብዛት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ ግራ መጋባታቸውም ትክክል ነው። በብዙ አገሮች የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሳይቀየር ይተላለፋል፤ በብዙዎቹም ሚስት የባሏን ስም ትይዛለች። እናት ሌላ ባል ስታገባ ልጁ «የማን ስም ነው የምይዘው?» ብሎ የሚያምፀው ለዚህ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የአባት ስም ነው፣ ሚስትም ስታገባ ስሟ ከእሷ ጋር ይቆያል።

ይሁን እንጂ የስም ሸክም የለብንም ማለት አይደለም። መስከረም ላይ የምዝገባው ቅጽ «ሙሉ ስም ከነአያት» ይላል። አባቱን የማያውቅ፣ ወይም አባቱ ጥሎት የሄደ፣ በእናቱ አባት እጅ ያደገ ልጅ በዚያ መስመር ላይ የአያቱን ስም በአባቱ ቦታ ይጽፋል። የክፍል ኃላፊ ሆኜ ስም ስጠራ አንዳንድ ልጅ ላይ የማውቃት ነገር አለች። ስሙ ከነአባቱ ሲጠራ «አቤት» ከማለቱ በፊት ግማሽ እስትንፋስ ያህል ይቆያል። ሌላ ሰው ላያስተውላት ይችላል። እሱ ግን በዚያች ቅጽበት ማን እንደተጠራ እያጣራ ነው። የውጭ ድራማ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሚያወጣበትን ነገር ይህ ልጅ በየጠዋቱ በግማሽ እስትንፋስ ይጨርሰዋል።

ቀደም ሲል የጠቀስኩት ኤሪክሰንም የዚህ ልጅ ወንድም ነው። የወለደውን አባት ማንነት ሳያውቅ አድጎ፣ የእንጀራ አባቱን ስም ሲይዝ ኖሮ፣ አሜሪካ ከገባ በኋላ «የኤሪክ ልጅ» ማለት የሆነውን ስም ለራሱ አወጣ። ስለ ማንነት መፈለግ ለዓለም ያስተማረ ሰው በገዛ ስሙ የራሱ አባት ሆነ። ይህን በክፍል ስናገር ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ወላጆች ሁልጊዜ ጥፋተኛ ተደርገው ለምን ይቀርባሉ?

ታሪኩ በልጁ ዓይን ሲታይ ወላጅ የሚታየው እስከ ወገቡ ድረስ ነው፤ የተዘጋ በር፣ የተቆጣ ድምፅ፣ ባዶ ወንበር ይሆናል። ደካማ ድራማ እዚያው ይቀራል። ጥሩው ግን አንድ ቀን በሩን ይከፍተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2016 የታየው የኮሪያው «ሪፕላይ 1988»፣ 20 ክፍሎች ያሉት፣ በሴኡል አንድ ጠባብ ሰፈር ውስጥ የሚኖሩ አምስት ቤተሰቦችን ታሪክ ይዟል። ከአምስቱ ቤቶች የአንዱ መካከለኛ ልጅ የልደት ቀኗ ሁልጊዜ ከታላቅ እህቷ ጋር አብሮ ስለሚከበርባት አንድ ቀን ምርር ብላ ታለቅሳለች። አባቷ ኋላ ብቻዋን አግኝቷት ይቅርታ ይጠይቃታል፤ አባት ሆኖ እንዳልተወለደ፣ አባት ሲሆን ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነግራታል። ይህን ያየነው ዕለት ከአባቶች አንዱ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው በር ላይ ቆመው ነበር። እስኪያልቅ ድረስ አልገቡም፣ አልጠሯትምም።

ያው ድራማ ሌላም ነገር አለው። በመጀመሪያው ክፍል እናቶች የሠሩትን ወጥ በልጆቻቸው እጅ ከቤት ወደ ቤት ይላላካሉ፤ ልጆቹ ሳህን ይዘው ሲተላለፉ አንዱ የላከው በሌላው ተተክቶ ይመለሳል። የቡና ጥሪ የማይቀርባት ጅማ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልጋትም። የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ቤተሰብ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ለልጁ የሚነግረውም ያ ሳህን ነው።

በዚህ ጉዳይ የምንጠነቀቅበት ቃል «ገመና» ነው። ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ቤት ውስጥ ይቀራል፤ የቤትን ጉድ አደባባይ ማውጣት ነውር ነው። ወላጆች እነዚህን ድራማዎች ሲያዩ የሚሰማቸው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመነጫል፣ እኔም አልንቀውም። ነገር ግን ገመና የሚሸፈነው ሰውን ለመጠበቅ ነበር። ልጅ እየተጎዳ የሚሸፈን ገመና የማንንም ክብር አይጠብቅም፤ በድራማው ውስጥ የልጅቷን ዝምታ የምናየውም ይህን ልዩነት እንድንለይ ነው።

በሁለትና በሦስት ቋንቋ የሚኖር ልጅ በእነዚህ ድራማዎች ውስጥ ራሱን ያገኛል?

በከፊል ያገኛል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2023 የታየው «ኔቨር ሃቭ አይ ኤቨር» አሜሪካ ተወልዳ ያደገች፣ አባቷ በድንገት የሞተባት የሕንድ ቤተሰብ ልጅን ይከተላል። ልጅቷ ዴቪ በሕንዶች በዓል ላይ ስትገኝ ሕንዳዊነቷ ያነሰ ይመስላታል፤ በትምህርት ቤት ደግሞ የበዛ። ተማሪዎቼ ይህን «ለእነዚህ ትተርፋለች፣ ለእነዚያ ትጎድላለች» ብለው ገለጹልኝ፤ ከዚህ የተሻለ መግለጫ አላውቅም።

ጅማ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እናቱ ከዳውሮ፣ አባቱ ከሊሙ የሆነ ልጅ አለ፤ ቤት ውስጥ አማርኛ ይነገራል፣ ግቢው በአፋን ኦሮሞ ይጫወታል፣ አያት ስልክ ሲደውሉ ዳውርኛ ይመጣል። አንድ ጠዋት ሕርማታ ገበያ ላይ አንዲት እናት ከቃሪያ ሻጯ ጋር በአፋን ኦሮሞ ስትከራከር፣ ዞር ብላ ልጇን በአማርኛ «ዘምቢሉን ያዥ» ስትል፣ ወዲያው ስልኳን አንሥታ በሦስተኛ ቋንቋ «ደህና ነኝ» ስትል አይቻለሁ። ልጅቷ ዘምቢሉን ይዛ በሦስቱም ትሰማ ነበር። ይህች ልጅ አሜሪካ ውስጥ ብትሆን «በሁለት ዓለም መካከል የተያዘች» ተብላ ድራማ ይሠራባት ነበር። እዚህ ግን የተያዘች አይደለችም፤ ገበያ ነው የመጣችው። ቋንቋ መብዛቱ በራሱ አያስጨንቃትም። የሚያስጨንቃት በየት በኩል እንዳለች እንድትመርጥ የጠየቋት ቀን ነው፤ ያኔ የእናቷ የአነጋገር ቅላጼ ጓደኞቿ ፊት ሲሰማ የስልኩን ድምፅ ትቀንሳለች። የስልኩን ድምፅ የምትቀንሰውን ያቺን አውራ ጣት ማንም በቴሌቪዥን አላሳየንም።

የሃይማኖት ነገርስ? ልጃችን ከጓደኞቿ ተለይታ እንዳትታይ ስትል ትተወዋለች ብለን እንሰጋለን።

ስጋቱ ይገባኛል፤ አንድ የምጠቁመው ድራማም አለ። የኖርዌዩ «ስካም» እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2017 በአራት ምዕራፎች የታየ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ምዕራፍ ከአንድ ተማሪ ጋር ብቻ ይቆያል። አራተኛው ምዕራፍ የሳና ነው፤ ሒጃብ የምትለብስ፣ የምትሰግድ፣ ምላሷ የተሳለ ልጅ። የአገሩ ተማሪዎች ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርሱ በቡድን አውቶቡስ ገዝተው ለሳምንታት ይጨፍራሉ፤ ሳና ከጓደኞቿ ሳትነጠል፣ ከሶላቷም ሳትነጠል በዚያ መካከል ቦታ ትፈልጋለች። ድራማው እምነቷን እንደ ችግር አያቀርበውም፣ ልታመልጠው የምትፈልገውም ነገር አያደርገውም። ሁሉም ትዕይንት ለእኛ ልጆች አይሆንም፤ ቀደም ብሎ አይቶ መምረጥ ያስፈልጋል።

ክበቡ ውስጥ ያሉ ሒጃብ ለባሽ ልጆች ከሳና ጋር አልቅሰዋል፤ ግን አንዷ «እኔ እዚህ ብቸኛዋ አይደለሁም» አለች። እውነቷን ነው። ጅማ ላይ ብቸኝነት በሌላ በር ይገባል። ከወረዳ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገጠር ስንቅ የሚላክለት ልጅ አለ፤ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰፈሩን ሲጠየቅ ወደ አከራዩ ቤት የሚጠቁም ነው። በ«ቤቨርሊ ሂልስ 90210» ውስጥ ከትምህርት ቤቱ ክልል ውጭ እየኖረች የአያቷን አድራሻ ሰጥታ የተመዘገበች ተማሪ አለች። ይህን ታሪክ ከሁሉም በላይ የወደዱት እነዚያ ከወረዳ የመጡት ልጆች ናቸው።

የአማርኛ ትርጉሙ ምን ያጎድላል፣ ምን ይጨምራል?

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የቱርክ፣ የኮሪያና የሕንድ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ የተተረጎመ ድራማ የብዙ ቤት እራት አብሮ በል ሆኗል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የአካባቢው ዘዬ ነው፤ የገጠሩም የከተማውም፣ የሀብታሙም የድሃውም ልጅ አንድ ዓይነት አማርኛ ይናገራል። ኮሪያዊው ተመልካች ከአንድ ቃል ብቻ ልጁ ከየት እንደመጣ ሲያውቅ እኛ አናውቅም።

የሚጨምረው ግን የሚያስገርም ነው። እንግሊዝኛ «አንተ»ን፣ «አንቺ»ን እና «እርስዎ»ን አይለይም፤ አማርኛ ሳይመርጥ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አይችልም። ስለዚህ ተርጓሚው በእያንዳንዱ የልጅና የወላጅ ንግግር ውስጥ ዝምድናውን ይወስናል። ልጁ አባቱን «እርስዎ» ሲል ቆይቶ በቁጣ «አንተ» ካለ፣ በዋናው ቋንቋ ያልነበረ ጥፊ ተሰማ ማለት ነው። ቤተሰብ ሁሉ በዚህ አንድ አይደለም። አባቱን «አንተ» ብሎ ያደገ ልጅ በድራማው ውስጥ «እርስዎ» ሲሰማ ቤቱ ቀዝቃዛ ይመስለዋል፤ «እርስዎ» ብሎ ያደገው ደግሞ «አንተ» ሲሰማ ይደነግጣል። ሁለቱን ልጆች አንድ ወንበር ላይ አስቀምጦ አንድ ትዕይንት ማሳየት የአማርኛ መምህር ሊያገኘው የሚችለው ምርጥ ትምህርት ነው።

ተዋንያኑ ለምን እንደ ተማሪ አይመስሉም?

ብዙዎቹ ተማሪ ስላልሆኑ ነው። «ቤቨርሊ ሂልስ 90210» ሲጀመር የአያቷን አድራሻ የሰጠችውን የ16 ዓመት ተማሪ የተጫወተችው ተዋናይት 29 ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የ«ዲግራሲ» ድራማዎች በአንጻሩ ብጉር ያላቸውን፣ ድምፃቸው የሚሰበረውን የዕድሜውን ልጆች ያጫውቱ ነበር። መስታወት ፊት ቆሞ «ለምን እንደነሱ አልሆንኩም?» ለሚል ልጅ ይህን ቁጥር መንገር ብዙ ይጠቅመዋል።

ልጄ የሚያስፈራ ነገር ቢያይስ? ልከልክል?

ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ መከልከል ተገቢ ነው፤ የወላጅ ሥራም ነው። ለአሥራ አምስትና ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ግን ክልከላው በቴሌግራምና በፍላሽ ስለሚታለፍ፣ አብሮ ማየት ከመከልከል የተሻለ ይጠብቀዋል።

በአንድ ጉዳይ ላይ ግን ቆራጥ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረው «ሰርቲን ሪዝንስ ዋይ» ራሷን ስላጠፋች ተማሪ የሚተርክ ሲሆን፣ አሟሟቷን የሚያሳየው ትዕይንት ባለሙያዎችን ክፉኛ በማሳሰቡ ኔትፍሊክስ በሐምሌ 2019 ቆርጦ አውጥቶታል። ይህን ዓይነት ድራማ በክበባችን አናሳይም፤ ልጅ ለብቻው በስልኩ ካየው ደግሞ ዝም ብለው አይለፉት። «አይተኸዋል? አንተስ እንዲህ ተሰምቶህ ያውቃል?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ሸክሙን የሚካፈል ሰው እንዳለ ይነግረዋል። «አዎ» ካለዎት ብቻውን አይተዉት፤ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ እዚያ መሄድ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የአገራችን ድራማዎችስ?

የአማርኛ ተከታታይ ድራማ በጽሑፍም በትወናም ብዙ ርቀት ሄዷል፤ እወደዋለሁም። ሆኖም በአብዛኛው ካሜራው አሁንም ሳሎን ከአባትየው ጋር ነው። ታዳጊው ሲገባ ወይ ተበላሽቶ ነው፣ ወይ ተምሮ ቤተሰቡን ሊያኮራ ነው። ተበላሽቶም ተምሮም ሳይሆን ዝም ብሎ አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ገና አልመጣም። ታሪኩም ከአዲስ አበባ እምብዛም አይወጣም። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን፣ ቡና በሚለቀምበት ወቅት ከክፍል የሚቀሩ ልጆች ያሉን፣ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እያየን የምናድግ ሰዎች የራሳችን ድራማ ይገባናል።

ተማሪዎች ራሳቸው መጻፍ ቢፈልጉ ከየት ይጀምሩ?

ክበባችን የጻፈው የመጀመሪያው ድራማ ቪላ ቤት፣ ሀብታም አባት፣ የተደበቀ ኑዛዜና የአዲስ አበባ መኪና ነበረው፤ ከጻፉት ውስጥ አንዳቸውም ቪላ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ያንን ወደ ጎን አስቀምጠን፣ እያንዳንዳቸው ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ውስጥ «ማን ነኝ?» ያሰኛቸውን አንድ ቅጽበት በአንድ ገጽ እንዲጽፉ ጠየቅኋቸው። ለመነሻ የሚበጀው ይህ ነው፤ አንድ ቦታ፣ ሁለት ሰው፣ አንድ የምትፈልገውን መናገር ያልቻለች ልጅ። ገመና እንዳይወጣ ስምና ሰፈር ይቀየራል፣ የባለቤቱ ፈቃድም ይጠየቃል።

ከመጡት ገጾች መካከል ክበቡ አሁን የሚሠራበት አንዲት ልጅ አያቷን ሐኪም ቤት የወሰደችበት ነው። አያትየው አማርኛ አይሰሙም፣ ሐኪሙ ደግሞ አፋን ኦሮሞ አይችልም፤ ልጅቷ በመካከላቸው ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትተረጉማለች። ሐኪሙ አያቷን «እርስዎ» እያለ ነው የሚያናግረው። በገጹ ላይ ሐኪሙ አምስት ቃል ይናገራል፤ ልጅቷ ወደ አያቷ ዞራ አራቱን ብቻ ትናገራለች። አምስተኛውን ለምን እንደዘለለችው፣ አያትየውስ አውቀዋት እንደሆነ ክበቡ ለሦስት ቅዳሜ ተከራክሮበታል፤ ገጹን የጻፈችው ልጅ ደግሞ እስካሁን አልነገረችንም።